የዘይቷ መብራት ስትበራ

መኪና ይዞ ወደ ጋራዤ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሽታውን ራሱ መርምሮ፣ መድኃኒቱንም ራሱ አዝዞ ነው የሚመጣው። ገና ከመኪናው ሳይወርድ «የሞተሩ ብሮንዚና ተበልቷል፣ ቀይርልኝ» ይለኛል። ማን ነገረህ ስለው «የዘይት መብራቷ በራች» ይላል። እሺ፣ በራች። መብራት በራች ማለት መብራት በራች ማለት ነው፤ ለምን እንደበራች ለማወቅ ደግሞ እኔ አለሁ፤ እጄ በዘይት ጠቁሮ የቀረው ለዚያ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከስንቱ ሹፌር ጋር በዚህ ነገር እንደተጨቃጨቅኩ አላህ ይቁጠረው። ከሁሉም ክርር ያሉት ደንበኛዬ ግን የገዛ አባቴ ሆነው አረፉት።

መኪናዋ ፈረንሳይ ሰራሽ ናት፤ በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ክሬም ቀለሟ በየጥጉ ተልጦ ቢጫም ነጭም ሆኗል። አባቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ሲያመላልሱባት ኖረው፣ ሚኒባሱ መንገዱን ሲሞላው ለቤት አስቀሯት። ከዚያ ወዲህ የፊት ወንበሯ የእናቴ ሆነ። ገበያ በሷ፣ ለቅሶ በሷ፣ ሰርግ በሷ። እናቴ መሪ ይዛ አታውቅም፤ ጆሮዋ ግን ከሞተሩ አይርቅም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ድምጿ ደረቅ ብሏል፣ ዘይቷን እይ» ስትላቸው እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ። እኛ አንቱ እያልን ያደግነውን ሰው «አንተ» የምትለው እሷ ብቻ ነበረች።

ጦርነቱ ደርሶ ሰው ሁሉ ከደሴ የወጣበትን ቀን ማንሳት አልወድም። እኔ አልነበርኩም፤ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር። የማውቀው እህቴ የነገረችኝን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አባቴ ከኮምቦልቻ ሲመለሱ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ የዘይቷ መብራት በራችባቸው። ቆሙ፣ አቀዘቀዟት፣ አስነሷት፤ ጠፋች። ጥቂት እንደሄዱ እንደገና በራች። እንዲህ እየቆሙ እየተነሱ ቤት ደረሱ።

አባቴ ያቺን መብራት እንደ ጂን ነው የሚፈሯት። በጎረምሳነታቸው የሰው ጭነት መኪና ሲነዱ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ መብራቷ ስትበራ ትንሽ ልሂድ ብለው ሞተሩ ነከሰባቸው። ነከሰ የምንለው ዘይት አጥቶ ብረት ከብረት ተጣብቆ ሲቀር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ሞተር ሬሳ ነው። ስማቸው ጠፋ፣ ከስራም ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያቺ መብራት ከበራች ማንም ቢለምናቸው፣ ማንም ቢያስፈራራቸው አይነዱም።

እናም ጎረቤቱ ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ ሲወጣ፣ «ሐረጎን ሳንወርድ ትነክሳለች፣ ከሰው መሃል ቆማ መንገድ ትዘጋለች» ብለው ባትሪዋን ፈትተው ደበቁና መኪናዋን ግቢ ውስጥ ትተው ሁላቸውም በእግር ወጡ።

እናቴ አስም ነበረባት፤ ጉልበቷም ከተያዘ ቆይቷል። ሐረጎን ቁልቁል በሰው ጎርፍ መሃል እህቴ ደግፋ አወረደቻት። እየተቀመጡ፣ እየተነሱ ኮምቦልቻ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው ሐርቡ ገቡ። ሐርቡ ላይ አንዲት የማያውቋት ሴት ቤቷን ከፍታ እናቴን መደቧ ላይ አስተኛቻት። እናቴ ከዚያ መደብ አልተነሳችም። የሐርቡ ሴቶች አጠቧት፣ ከፈኗት፤ ወንዶቹ ጀናዛዋን ሰግደው ቀበሯት። አላህ ውለታቸውን ይክፈላቸው።

ወደ ደሴ ስንመለስ ከግቢያችን ብዙ ነገር ጠፍቷል። በር ሳይቀር ተነቅሏል። መኪናዋ ግን የተዉዋት ቦታ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች፤ መስታወቷ እንኳ አልተሰነጠቀም። አባቴ አንድ ጊዜ ዞረዋት ሸራ አለበሷት፤ ከዚያ በኋላ በአጠገቧ ሲያልፉ እንኳ ዓይናቸውን አያሳርፉባትም።

ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «አጀሏ ደርሶ ነው፣ የተቆረጠላት ቀን ነው፣ አብሽር»። እኔም ብያለሁ። እህቴ ግን አላለችም። እህቴ ለአባቴ ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ሰዓቱን ጠብቃ ትሰጣለች፤ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትጫወት ግን አይቻት አላውቅም። ወደ ሐርቡ ሄደን ቀብሯን እንዘይር ባልኳቸው ቁጥር አባቴ «ሄጄ ምን እላታለሁ?» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እኔና እህቴ ብቻችንን እየሄድን ተመለስን።

አባቴ ታመው ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ተኝተው በወጡ ሰሞን ነው ነገሩ የተለወጠው። ክስት ብለዋል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ስለያዘው ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝና፣

«መኪናዋን ስራልኝ» አሉኝ። «ሐርቡ ልሂድ።»

«አባባ፣ ነገውኑ በሚኒባስ ልውሰድዎት። እሷ እኮ ከቆመች ስንት ጊዜዋ ነው።»

«በሷ ነው የምሄደው። ከዚያ በፊት ግን ሞተሯን ክፈትና ብሮንዚናዋን አምጥተህ እጄ ላይ አድርግልኝ።»

በኛ ሙያ ልማድ ነው። ከመኪና የፈታነውን አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለን ለባለቤቱ እናስረክባለን፤ ካላስረከብን ማንም አያምነንም፣ ባያምኑንም አልፈርድም። አባቴ ግን እኔን ተጠራጥረው አልነበረም የጠየቁት።

«ሰው ሁሉ አጀሏ ነው ይለኛል» አሉ። «አጀሏ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ሰበቡ እኔ ልሁን መብራቷ ትሁን ነው የማላውቀው። ሳላውቀው ደግሞ ፊቷ አልቆምም።»

ያኔ ገባኝ። ሞተሩ ተበልቶ ከሆነ አባቴ ልክ ነበሩ፤ መኪናዋ ሐረጎ ላይ ነክሳ ትቀር ነበር፣ እናቴም በእግሯ መሄዷ አይቀርም ነበር። ሞተሩ ደህና ከሆነ ግን ያቺን የታመመች ሴት በእግሯ ያስኬዷት በከንቱ ነው። ይህንን ፈትቼ፣ አይቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ እንዳመጣላቸው ነው ያዘዙኝ። አባት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር ያዛል? በልቤ ተቆጣኋቸው፤ በአፌ «እሺ» አልኩ።

መኪናዋን አስነስቼ መንዳት ስላልደፈርኩ በገመድ አስጎትቼ ሐረጎን አወረድኳት። የሚጎትተኝ የጭነት መኪና ሹፌር በየመታጠፊያው አንገቱን አውጥቶ «ይቺን ለሙዚየም ነው የምትወስዳት?» እያለ ይስቅብኛል። እኔ መሪዋን አንቄ ይዤ ሰው የወረደበትን መንገድ አያለሁ። እዚህ ጋ ቁጭ ብላ ይሆን፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ አጥሯት ይሆን እያልኩ ኮምቦልቻ ደረስኩ። ደርሼም ሹፌሩን ሳላመሰግነው ገባሁ።

ስራውን ከቀላሉ ጀመርኩ። የዘይት ግፊት ችግር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ሆድ ዕቃው ነው የሚሮጠው፤ እኔ ግን ከቆዳው ነው የምጀምረው። አሮጌውን ዘይት አወጣሁ። አሸተትኩት፤ ቤንዚን ቢቀላቀለው ይቀጥንና ግፊት ያጣል፤ ቤንዚን አይሸትም። በጣቶቼ መሃል አሽቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት፤ ብሮንዚና ከተበላ እንደ ብልጭልጭ ያለ የብረት ብናኝ ይታያል። የለም። ጥቁር ነው፣ ዘይት ነው፣ በቃ። አዲስ ዘይት ሞላሁ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ባትሪ አስሬ አስነሳኋት።

ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ እንደ ትናንት ተነሳች። መብራቷም ጠፋች። እስክትሞቅ ድረስ ጠበቅኩ። ስትሞቅ፣ ቀስ ብላ ቆማ እየሰራች ሳለ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም አለች፤ ከዚያ በራችና ቀረች። ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስናገር አላፍርም። አባቴ ነጻ ወጡ ብዬ አጥፍቻት ፊቴን ታጠብኩ።

ግን ሙያ አጉል ነገር ነው፤ አንዴ ከለመድከው አይተውህም። መብራቷን የምታዘው ቡልቦ የምንላት አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ሞተሩ ጎን ላይ ገብታ የዘይቱ ግፊት ሲገፋት መብራቱን ታጠፋለች፣ ግፊቱ ሲለቃት ታበራለች። እሷን ፈትቼ በቦታዋ ግፊቱን በመርፌ የሚያሳየውን ማኖሜትር አሰርኩ። ሞተሯ ስትነሳ መርፌው ተወርውሮ ወጣ። እየሞቀች ስትሄድ ትንሽ ወረደ፤ ይህ የጤና ነው፣ ትኩስ ዘይት ይቀጥናል። ይዣት ወጣሁ። በኤርፖርቱ መንገድ ነዳኋት፣ ተመልሼ ወደ ሐረጎ ዳገት በከባድ ማርሽ እያጓራኋት በጠራራ ፀሐይ አወጣኋት። መርፌው መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ቆሜ ዝቅ ባለ ዙር ተውኳት፤ ወረደ፣ ግን ከሚያሰጋው መስመር በላይ ነው።

ማኖሜትሩ ይዋሻል አልኩ። ከጎረቤት ጋራዥ ሌላ ተውሼ አሰርኩ። እሱም ያንኑ አለ። አሮጌዋን ቡልቦ መልሼ ስከታት መብራቷ በራች። ከሌላ መኪና ፈትቼ ሌላ ቡልቦ ስከት ጠፋች። ለማንም ደንበኛ ቢሆን እዚህ ላይ «ቡልቦ ነው፣ ሂድ» ብዬ እሸኘው ነበር። ሙቀት ሲነካት አቅም የምታጣ፣ ያረጀች ቡልቦ። ሌላ ምንም የለም።

ቆሽቴ አረረ። ኮፈኑን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ሞተሯን ልክፈታት አልኩ። ግፊቱ ደህና ቢሆንም ውስጧ የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል፤ አንድ የተፋቀ ብረት፣ አንድ የተሰነጠቀ ነገር፣ አባቴ መዳፍ ላይ የማስቀምጠው ምክንያት። ሌላ ጊዜ ሞተር ስከፍት ብልሽት ባላገኝ እያልኩ ነው። ያን ቀን ያረቢ አንድ ብልሽት ስጠኝ እያልኩ ከስሯ ተጋደምኩ።

ዘይት የሚጠራቀምበትን ሳህን አወረድኩ። ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት ንጹሕ ነው። የዘይቱን ፖምፓ ፈታሁ፤ ጥርሶቹ ደህና ናቸው። ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ አየሁ፤ ሱስታው አልደከመም። በመጨረሻ ወደ ብሮንዚናዎቹ ሄድኩ። ብሮንዚና ማለት የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት፣ ግማሽ ቀለበት የሚመስል ስስ ልባስ ነው፤ እሱ ከተበላ ዘይቱ በክፍተቱ ይፈስና ግፊት ይጠፋል። እያንዳንዱን ፈትቼ በብርሃን አየሁት። ሰም የመሰለችውን የመለኪያ ክር መሃላቸው አስቀምጬ አጥብቄ ፈታሁ፤ ክፍተቱ ሰፊ ቢሆን ክሯ ክብ እንደሆነች ትቀራለች። ጥፍጥፍ ብላ ወጣች። ብሮንዚናዎቹ ግራጫ፣ ልስልስ፣ ጥፍሬን ባስኬድባቸው እንኳ የማይቆረቁሩ። ይቺ መኪና ሐርቡ አይደለም አዲስ አበባ ትደርስ ነበር። መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ።

እህቴ ከደሴ ወርዳ የመጣችው ይህንን በጨርቅ ላይ ደርድሬ እያየሁ ሳለ ነው። አባቴ «ሂጂና ምን እንዳገኘ እይ» ብለው ልከዋት ነው። ቆማ አየችኝ።

«ተበልቷል?» አለችኝ።

አንዱን ብሮንዚና አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቴን ማንበብ ትችላለች። ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«እማዬን ይዤ ሐረጎን ስወርድ» አለች፣ «በየደቂቃው ነው የምታርፈው። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ አባባን አልተቀየምኩም። መኪናዋ ተበላሽታ ነው፣ ምን ያድርጉ ብዬ ነው። እስካሁንም ምግብ የማቀርብላቸው ይህንን ይዤ ነው። ደህና ነበረች ካልከኝ እኔ ዓይናቸውን ላየው አልችልም። ወላሂ አልችልም።»

«እና ምን ልበል?»

«ተበልቷል በላቸዋ። ምን ይጎዳሃል? ለሳቸውም ለኔም ብለህ ተበልቷል በል።» ተነስታ አሮጌ ብረት ከማጠራቅምበት ሳጥን ውስጥ እጇን ሰደደችና አንድ የተቦጨቀ፣ የጠቆረ ብሮንዚና አወጣች። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ አይሆንም?»

ከሌላ ትንሽ መኪና የወጣ ነው። ስፋቱ ከኛ ጋር ይቀራረባል። የተቃጠለ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለው፤ ይህንን የተሸከመ ሞተር አንድ ዳገት አይወጣም። አባቴ ደግሞ አያዩም፣ በጣታቸው ነው የሚዳስሱት። የዚያን ቀን መኪናዋን በገዛ ብሮንዚናዎቿ መልሼ ገጠምኳት፣ አዲስ ቡልቦ ከተትኩላት። ያንን የሰው ብሮንዚና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ፤ አሮጌዋን ቡልቦ ደግሞ በሌላው ኪሴ።

በማግስቱ መኪናዋን ነድቼ ደሴ ወጣሁ። መብራቷ አንዴም አልበራችም። አባቴ ድምጿን ከሩቅ ሰምተው በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እህቴ በሩ ላይ ደገፍ ብላ ቆማለች። ሰላም ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ጨርቁን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ተበልቷል አባባ» አልኩ። «ሐረጎን አትወርድም ነበር። ልክ ነበሩ።»

አባቴ ተቀመጡ። ጨርቁን ፈትተው ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ደጋግመው ዳሰሱት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ወረደ። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። እህቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ከዚያ ገለበጡት። ጀርባውን ዳሰሱ። ዳር ዳሩን ዳሰሱ። አውራ ጣታቸው መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ፈልጎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ቀዳዳዋስ?» አሉ።

«የምን ቀዳዳ?»

«የኛ ብሮንዚና መሃሏ ላይ የዘይት ቀዳዳ አላት። ያስገባኋቸው እኮ እኔ ነኝ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። እናትህ ቡሎኖቹን በሰፌድ ይዛልኝ፣ እያንዳንዷን በጨርቅ እያበሰች ስታቀብለኝ፣ ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት የጠረገቻቸው እሷ ናት።» ብሮንዚናውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ይሄ የኛ አይደለም።»

እኔ ነኝ ሜካኒኩ፤ ያንን ቀዳዳ ባለፈው ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ውሸቱን ለማሳመር ስጣደፍ የገዛ ሙያዬን ረሳሁት። አባቴ ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«የኛስ?» አሉኝ።

«መኪናዋ ውስጥ ናቸው አባባ። መልሼ ገጠምኳቸው።»

«ደህና ናቸው ማለት ነው።»

«ደህና ናቸው።»

«መብራቷስ?»

ከሌላው ኪሴ ቡልቦዋን አውጥቼ እጃቸው ላይ አደረግኩ። «ይቺ ናት። ስትሞቅ ትዋሻለች። ሌላ ምንም አልነበረባትም።»

አባቴ ቡልቦዋን ጨበጧት። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሩ፤ በሩ ላይ እንደቆመች በትንፋሿ ያወቁ ይመስለኛል።

«አንቺም ስሚ» አሉ። «ያን ጠዋት አንቺ ውስጥ ስንቅ ስትቋጥሪ፣ እኔ ባትሪዋን ስፈታ እናትሽ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ መብራቷ ውሸቷን ነው፣ ድምጿ ደህና ነው፣ እንሂድባት አለችኝ። ድምጿን እኔም ሰምቼዋለሁ። ደህና ነበር። ግን ያ የወልድያው መንገድ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና ጮኽኩባት። አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ አልኳት። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ስትሄድ ስለ መኪናዋ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንድትናገረኝ እፈልግ ነበር። አልተናገረችም።»

እህቴ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ያ ደግሞ ከውርወራው የባሰ ነበር። አባቴ በረንዳው ላይ እኔም ደረጃው ላይ እንደተቀመጥን ቀረን። አጀሏ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

«ነገ እንሄዳለን» አሉኝ በመጨረሻ። «አሁን የምላት አለኝ።»

ጠዋት መኪናዋን ላሞቅ ስወጣ እህቴ ሻሿን አስራ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራትም። ሰላም አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። አባቴን ደግፌ አመጣሁና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። በዚህች መኪና ውስጥ በዚያ በኩል ተቀምጠው አያውቁም፤ መቀመጫው የእናቴን ገላ ለምዶ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። እጃቸው መሪውን ፈልጎ ዳሽቦርዱን ዳበሰና ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ከደሴ በሸዋበር በኩል ወጣን።

ሐረጎን ስንጀምር በከባድ ማርሽ ያዝኳት። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ይሰማሉ። መታጠፊያው ሲመጣ፣ ሲያልፍ፣ ሌላው ሲመጣ ሞተሩ ዙሩን ጠብቆ ያጓራል። እህቴ በኋላ መስታወት ስትታየኝ መንገዱን በመስኮት እያየች ነው፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ያለበት ጥግ ላይ ስንደርስ ዓይኗን ጨፈነች። እዚያ አርፈው ኖሯል። መንገዱ በእግር እንዴት እንደሚረዝም፣ በመኪና ደግሞ እንዴት ቶሎ እንደሚያልቅ ሦስታችንም ገባን። ኮምቦልቻ ስንገባ አባቴ «አለቀ?» አሉኝ። «አለቀ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ሐርቡ እስክንገባ አልመለሱትም።

እናቴን ያስተኛቻት ሴት አይታን ወጣችና ከፊት ከፊት ሄደች። ቀብሯ ከአንድ ግራር ስር ነው፤ ራስጌና ግርጌዋ ላይ ድንጋይ ቆሟል። አባቴ ድንጋዩን በእጃቸው ዳስሰው ቁጭ አሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ፊታቸውን አበሱ። እኔ የሚያለቅሱ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። አላለቀሱም። አጠገባቸው ላለ ሰው እንደሚናገሩ ሆነው፣ በደህና ድምፅ ነው የተናገሩት።

«ታውቂ ነበር» አሏት። «ስለ ሞተር ታውቂ ነበር። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

ከዚያ ለመነሳት ሞከሩና ጉልበታቸው እምቢ አለ። እኔ በቀኝ ክንዳቸው ገባሁ። በግራ በኩል አንድ እጅ ሲይዛቸው አየሁ፤ እህቴ ናት። ያንን ቀን እናቴን ይዛ ሐረጎን እንዳወረደቻት፣ በብብታቸው ስር ገብታ፣ ክንዳቸውን በአንገቷ ዙሪያ አሳልፋ፣ ወገባቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛቸዋለች።

«ቀስ ይበሉ አባባ» አለቻቸው። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ።»